ሸራው በካሬ፣ እጁስ በምን?

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ሠዓሊ አለ። ደንበኞቹ በአብዛኛው ነጋዴዎች ናቸው። አንዱ የሟች አባቱን ምስል ከጉርድ ፎቶግራፍ ላይ አስፍቶ ያሠራል፤ ሌላው ለምግብ ቤቱ ግድግዳ የገበያ ቀን ሥዕል ያዝዛል። ባለፈው ዓመት አንድ የባልትና ነጋዴ መጥቶ ለሱቁ የሚሰቀል፣ ሴቶች በርበሬ ሲወቅጡ የሚያሳይ ሥዕል አዘዘ።

«ስንት ነው?»

«25 ሺሕ ብር፣ ጋሼ።»

«ለአንድ ካሬ ተኩል ሸራ? ወንድሜ፣ ባነር ቤት ብሄድ በዚህ ብር ግድግዳውን በሙሉ ያለብሱልኛል!»

ክርክሩ 12 ሺሕ ላይ አለቀ። ቀብድ የለም፣ ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም።

ለመሆኑ 25 ሺሑ ከየት መጣ? ሠዓሊው ራሱ ቢጠየቅ የሚመልሰው አልነበረውም፤ በግምት የጠራው ነው። እኛ ግን እንደ ነጋዴ እንቁጠረው። ሸራው፣ ቀለሙና ክፈፉ 6 ሺሕ ብር ወጣባቸው እንበል። የክፍሉ ኪራይ፣ መብራቱ፣ ታክሲውና የቤተሰቡ ቀለብ ተደምሮ በወር 24 ሺሕ ብር ይፈልጋል እንበል። ይህ ሰው በወር 30 ቀን አይሠራም። ግማሹን ጊዜ ደንበኛ ሲፈልግ፣ ቀለም ሲያፈላልግ፣ ቀሪ ሒሳብ ሲለምን ያሳልፈዋል። ሊሸጥ የሚችለው 15 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ የሥራ ቀን 1,600 ብር ያስወጣዋል። ሥዕሉ 12 ቀን ከፈጀ 19,200 ብር፣ ዕቃው ሲጨመርበት 25,200 ብር ይሆናል። ትርፍ ገና አልተነሣም። በ12 ሺሕ የተስማማ ዕለት ሠዓሊው 13,200 ብር መርቆ ሸጠ ማለት ነው።

ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም። ወርቅ ቤት ሲገባ ግራሙን ለብቻ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻ ሲከፍል አያጉረመርምም። ልብስ ሰፊ ዘንድም ጨርቁን ይዞ ሄዶ የእጅ ይከፍላል። ሥዕል ላይ ግን ለይቶ የሚነግረው የለም። አንድ ቁጥር ይጠራለታል፤ እሱም ያንን ቁጥር ይቆርጠዋል። ዕቃው ይህን ያህል፣ የእጅ ዋጋ በቀን ይህን ያህል፣ ቀኑ ይህን ያህል ተብሎ ቢጻፍለት ክርክሩ በቀኑ ላይ ይሆን ነበር። «ከኋላ ያሉት ሰዎች ይቅሩና በስምንት ቀን ጨርሰው» ቢል ዋጋው 18,800 ይመጣል። ሁለቱም ምን እንደተቀነሰ ያውቃሉ።

የካሬ ዋጋ ለባነር ይሠራል፤ ማተሚያው ፊትና ሰማይ አይለይም። የሰው ፊት ግን መዳፍ በምታህል ቦታ ሦስት ቀን ይበላል፣ ሰማዩ በግማሽ ቀን ይሸፈናል። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ያንን በካሬ ልተምን የሚል ቢኖር አንባቢ ይፍረደው።

ስለ ቀብድ ነጋዴን መምከር አያስፈልግም፤ ሠዓሊዎች ግን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢያነቡ ይጠቀማሉ። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። በእኔ አስተያየት ቀብዱ ቢያንስ የዕቃውን ዋጋ መሸፈን አለበት። አዛዡ ቢጠፋ የሌላ ሰው አባት ምስል ገበያ አይወጣምና።

ቀለሙ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሰኔ ዋጋ ቆርጦ በነሐሴ ቀለም ሊገዛ የወጣ ሠዓሊ ልዩነቱን ከማን ይጠይቃል? ነጋዴ ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ይጽፋል። ሠዓሊ የማይጽፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ባልትናው ነጋዴ እንመለስ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለሱቅ ግድግዳ የተሠራው ሥዕል በበርበሬው ማሸጊያ ላይ ታትሞ ወጣ። ሠዓሊው ተናደደ፤ ሕግ አዋቂም ጠየቀ። የተነገረው ደስ አላሰኘውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በትዕዛዝ የተሠራን ሥራ የመጀመሪያ ባለቤትነት ለአዛዡ ይሰጣል። እንግዲህ ዝም ያለ ሠዓሊ ሸራውን ብቻ ሳይሆን ማሳተሙንም አብሮ ሸጧል፤ ያውም በ12 ሺሕ። ለግድግዳ አንድ ዋጋ፣ ለማሸጊያና ለማስታወቂያ ሌላ ዋጋ አስቀድሞ መጻፍ የነበረበት እሱ ነው።

ታዲያ ነጋዴው ለምን ወረቀት ይፈልጋል? ያለ ወረቀትም ሕጉ ለእኔ ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን «ለሱቅ ብቻ ብለህ ነው ያዘዝከኝ» የሚል ሠዓሊ ምስክር ይዞ ቢመጣስ? ነገ ሸሪክ ሲያስገባ ወይም የንግድ ስሙን ሲሸጥ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው የማሸጊያው ሥዕል የማን እንደሆነ ነው። በአሥር ሺዎች ፌስታል ላይ የታተመን ነገር በቃል ማሳደር የንግድ ሰው ሥራ አይመስለኝም።

ደላሎችም እዚህ ውስጥ አሉ። ድርጅቶች ያለ ደረሰኝ አይገዙም፤ ሠዓሊው ፈቃድ ስለሌለው ፈቃድ ያለው ሰው ትዕዛዙን በራሱ ስም ይቀበልና ሥራውን ለእሱ ያወርድለታል። ደንበኛ ማምጣትና ገንዘብ ማስከፈል ድካም አለውና ኮሚሽኑን አልነቅፍም። የምነቅፈው መደበቁን ነው። ድርጅቱ ስንት እንደከፈለ የማያውቅ ሠዓሊ የእጁን ዋጋ መቼም ሊያውቅ አይችልም።

የባልትናው ነጋዴ በዚህ ሰሞን ተመልሶ መጥቷል፤ አሁን የሽሮ ሥዕል ይፈልጋል። ሠዓሊው ፕሮፎርማ ጽፎ ሰጥቶታል። ዕቃ፣ የእጅ፣ ማሳተሚያ ተብሎ በሦስት መስመር ተለይቷል። ነጋዴው ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ብዙ ቆየና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ዋጋው የሚጸናው እስከ ዓርብ ነው።