የደም ግፊትና ዕድሜ

ሰው ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ጠጕሩ መሸበቱ፥ ዓይኑም መድከሙ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የደሙም ግፊት ከዕድሜው ጋራ ቢጨምር ጕዳት የሌለበት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቀድሞ ሐኪሞች እንኳ ላይኛው ቍጥር 100 ሲደመር ዕድሜ ቢሆን ደኅና ነው ይሉ ነበር። ይህ አሳብ ግን ብዙ ቤት ያፈረሰ ስሕተት ነው።

የደም ግፊት ማለት ልብ የምትረጨው ደም በሥሮች ላይ የሚያሳርፈው ኀይል ነው። ላይኛው ቍጥር ልብ ደሙን ስትገፋ፥ ታችኛው ስታርፍ ያለውን ያመለክታል። በአዲስ ሕፃን ላይኛው ቍጥር 70 ገደማ፥ በስድስት ዓመት ልጅ 100 ገደማ ነው። ካደጉ በኋላ ግን ለጐልማሳውም ለሽማግሌውም መልካሙ ልክ ከ120 በ80 በታች ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመም ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ሥሮች እየደረቁ ስለሚሄዱ ላይኛው ቍጥር ብቻውን ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህም ቸል የሚባል አይደለም።

ለዚህም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ምስክር ናቸው። በመጋቢት 1936 ዓ.ም. ሲለኩ 186 በ108 ተገኘባቸው፤ የግል ሐኪማቸው ግን ለዕድሜያቸው የተለመደ ነው ይሉ ነበር። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በስዊዝ ቦይ በመራራው ሐይቅ ላይ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋራ ተገናኙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 4 ቀን፥ በ63 ዓመታቸው ደም በአንጎላቸው ፈስሶ ዐረፉ። በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው ያለ መድኃኒት አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. የታተመ የአሜሪካ ምርመራ ግን፥ 60 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ላይኛው ቍጥር በመድኃኒት ሲወርድ፥ በአንጎል ላይ የሚደርሰው አደጋ ከሢሶ በላይ እንደሚቀንስ አስረድቷል።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አለቃ የሆነ ሁሉ ራሱንም ወላጆቹንም ያስለካ። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡናና ትምባሆ መተው፥ አምስት ደቂቃም ተቀምጦ ማረፍ ይገባል። ጨው በቀን ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንዲት የሻይ ማንኪያ፥ አይለፍ፤ በጾም ወራትም ቢሆን በበርበሬና በሽሮ ውስጥ ያለው ጨው ይቈጠራል። መድኃኒት የታዘዘለትም፥ ደኅና ነኝ ብሎ ከሐኪም ምክር ውጭ አያቋርጥ፤ ይህ ሕመም ሳያሳምም የሚገድል ነውና።