ባዶ እጅ መመለስም ያስከብራል

ውድ አንባቢ፤ ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ገርጂ በእግሬ ስሄድ በአንድ ትልቅ መደብር መስታወት ፊት ቆምኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ተሰቅሏል፤ ከአጠገቡም «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተለጥፏል። ጥቂት አየሁት፤ ከዚያም መንገዴን ቀጠልኩ። ይህ ምን የሚነገር ነገር አለበት ይሉኝ ይሆናል። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ላይ ከዚህ ቀደም ድል ሆኜ ነበርና ታሪኩን ከመጀመሪያው ላጫውትዎ።

በ2016 ዓ.ም. በሰኔ ወር የመምህራኑ እቁብ ዕጣ ለእኔ ወጣልኝ። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ዐይኗ ደክሞ ዳዊቷን መድገም ካቆመች ሰንብታ ነበርና፣ «ዕጣው ሲወጣልኝ መነጽርሽን እገዛለሁ» ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ሐኪም አይቷት የመነጽሩንም ልክ ጽፎ ሰጥቷታል። የቀረው ገንዘቡን ይዞ መሄድ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ገንዘቡን ይዤ ወጣሁ። ወደ መነጽር ቤቱ ስሄድ ግን መንገዱ በሱቆች መካከል የሚያልፍ ነበር። ከአንዱ ኮት ገዛሁ። ኮቱን ሳየው ጫማዬ አሮጌ መስሎ ታየኝና ጫማም ጨመርኩ። ከሌላው ደግሞ፣ ጤና ይሰጣል ተብሎ፣ የፍራፍሬ መጭመቂያ መኪና ገዛሁ። ከቤት ስደርስ በኪሴ የቀረው ገንዘብ ለመነጽሩ ክፈፍ እንኳ አይበቃም ነበር።

እናቴ ኮቱን በእጇ ዳሰሰችና፣ «ያምርብሃል ልጄ፤ ደግሞስ ዳዊቱን በቃሌ አውቀው የለ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚመጣው ወር ይደርሳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዳሩ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እስከዚያ ዕለት በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የመነጽር መስታወት ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በመስከረም ያጠራቀምኩትን ይዤ ብሄድ ዋጋው ከፍ ብሎ ጠበቀኝ። መነጽሩ ከእናቴ ዐይን ላይ የዋለው በኅዳር ወር ነው። እንግዲህ የኮቱ ዋጋ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ብር ብቻ አልነበረም፤ የእናቴ የአምስት ወር ንባብም ተጨምሮበታል።

ውድ አንባቢ፤ ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ደመወዝተኞች በዚህ ዐይነት ወጥመድ ስንገባ ስለማይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ወዲህ ይህ ሰፈር የዓለም ሸቀጥ በር ሆኗል። በአፍሪካ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በመድኃኔዓለም ዙሪያ፣ እስከ ሀያ ሁለት ድረስ መስታወቱ ሁሉ ይጠራል። ሸቀጡም ቢሆን ኃጢአት የለበትም፤ ነጋዴው ሊሸጥ ያወጣዋል፤ እኛ ግን ሳናስብ እንገባለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ሥልጣኔ ማለት የዕቃ ብዛት ይመስለናል። ጎረቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ሲያስገባ የእኛ ያነሰብናል፤ ባልንጀራ ስልክ ሲለውጥ የእኛ ያስጠላናል። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት የተዋሱትን ጌጥ ለማለት ነበር። ዛሬ ግን በብድር የገዛነውም ያው የሰው ወርቅ ነው።

ጥንታዊው ፈላስፋ ሶቅራጥስ በአቴና ገበያ ሲያልፍ የተደረደረውን ሸቀጥ ተመልክቶ፣ እሱ የማያስፈልገው ነገር ይህን ያህል ብዙ በመሆኑ ይደነቅ ነበር ይባላል። እኛ ግን ወደ ፊት ብዙ ሳንርቅ የአያቶቻችንን ቤት ብናስታውስ ይበቃናል። አንድ መሶብ፣ አንድ ጀበና፣ ጥቂት ሲኒ፣ አንድ ጋቢ። ጀበናው ሲሰበር ሌላ ይገዛል፤ ሳይሰበር ሁለተኛ አይገዛም። ጋቢው ሲያረጅ ይታጠፋል፤ ልጅ ይታቀፍበታል። በዚያ ቤት እንግዳ ሳይበላ አልወጣም።

ይህን ስል ድህነትን ማመስገኔ አይደለም። ያጣ ሰው ስለ ጥቂት ዕቃ ኑሮ ከእኔ ትምህርት አይሻም፤ ይልቁንም እሱ ሊያስተምረኝ ይችላል። ንፉግነትንም አልሰብክም። ለቡና፣ ለዕድር፣ ለታመመ ወዳጅ እጁን የሚሰበስብ ሰው ቆጣቢ አይባልም። የምናገረው ወር በወር ጥቂት ገንዘብ ገብቶልን፣ በወሩ አጋማሽ ላይ «የት ሄደ?» ለምንለው ነው።

ከደረሰብኝ በኋላ የያዝኳቸው ጥቂት ደንቦች አሉና ከወደዱ ይሞክሯቸው።

አንደኛ፣ ከቤት ሳልወጣ የምገዛውን በወረቀት እጽፋለሁ። ሾላ ገበያ ለሽንኩርትና ለበርበሬ የሄደ ሰው በወረቀቱ ላይ የሌለ ብርጭቆ ይዞ መመለስ የለበትም። ብርጭቆው በእውነት የሚያስፈልግ ከሆነ ለሚመጣው ሳምንት ወረቀት ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ ከምግብና ከመድኃኒት በቀር ማንኛውም ዕቃ ሰባት ሌሊት ይደርለታል። ቅናሹ ነገ ያልቃል ቢባል እንኳ አልቸኩልም። በሰባተኛው ቀን ዕቃውን ከነመልኩ የምረሳው ብዙ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ ዋጋውን በብር ብቻ አልቆጥርም። የወር ደመወዜን በወሩ ውስጥ በማስተምረው ክፍለ ጊዜ አካፈልኩት። ያ ኮት 31 ክፍለ ጊዜ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም 31 ጊዜ ከሰሌዳ ፊት መቆም፣ 31 ጊዜ «ዝም በሉ» ማለት ነው። ሹፌር ከሆኑ በምልልስ፣ ነርስ ከሆኑ በተረኝነት ሌሊት ያስሉት። ብር ከኪስ ሲወጣ አያምም፤ የገዛ ድካም ሲወጣ ግን ይሰማል።

አራተኛ፣ ከመግዛት በፊት ማስጠገንን እጠይቃለሁ። በገርጂ መንገድ ዳር የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ሶል ለውጦልኝ ያ ጫማ ሁለት ክረምት አገለገለኝ። የልብስ ሰፊው መኪናም የተቀደደውን ሁሉ ለማዳን ዝግጁ ነው። እነዚህ ሰዎች የሰፈራችን ባለውለታዎች ናቸውና ገንዘባችን ወደ እነሱ ቢሄድ መልካም ነው።

አምስተኛ፣ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። በዚህስ አዲስ አበባ የታደለች ናት። ጧት ጧት «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ልጅ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ ሳፋ ወይም ሳህን ይሰጣል። «ቆርቆሮ ያለው!» ሲል ሲል ጥሪው ያጠረበት ቁራሌው ደግሞ ጠርሙሱንም ብረቱንም ይገዛል። እነሱ የሰበሰቡትን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ስንት ዘመን ሲቀጠቅጥና ሲጠግን ኖሯል። ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ሳያስፈልግ ሳፋ ለመቀበል ደህና ልብስ መስጠት ታጥቦ ጭቃ ነው።

እነዚህ ሰዎች ያልወሰዱት የት እንደሚሄድም እናስብ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በከተማችን ምዕራባዊ ደቡብ በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ ተራራ በአንድ ቀን የቆመ አይደለም። ከየቤታችን የወጣ ካርቶን፣ የተሰበረ ፕላስቲክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተያዘ ፌስታል ለዐሥርት ዓመታት ሲቆለል የኖረ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ቢወጣም ዘንቢል ይዞ መውጣት የእያንዳንዳችን ሥራ ነው። ዘንቢል ሌላም ጥቅም አለው፤ ሲሞላ ይበቃል ይላል።

አንድ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ሁሉም ሰው እንዳንተ መግዛት ቢተው ነጋዴው ምን ይበላል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን መግዛት ይቅር አላልኩም። እናቴ መነጽር ትፈልግ ነበር፤ መነጽር ሻጭም ነጋዴ ነው። ያልኩት፣ አስቀድሞ ለሚያስፈልገው ይከፈል ነው።

ኮቱ ምን ሆነ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። እስከ ዛሬ አለ፤ እጅጌውን አስጠግኜ እለብሰዋለሁ፤ እስኪያልቅም ሌላ አልገዛም። የፍራፍሬ መጭመቂያውን ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠቅሜበት ልጆች ላሏት ጎረቤታችን ሰጠኋት፤ እዚያ ሥራ አግኝቷል።

ባለፈው ቅዳሜም ከመስታወቱ ፊት ተነሥቼ ከቤት ስደርስ እናቴ ከዳዊቷ ቀና ብላ በመነጽሯ አናት ላይ አየችኝ።

«ምን ገዝተህ መጣህ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

«እሰይ፤ እንግዲያው ቡና ላፍላ» አለችና መጽሐፏን ከድና ተነሣች።

ውድ አንባቢ፤ በዚህ ሳምንት ወደ ገበያ ሲወጡ ከመደብሩ ደጃፍ ቆም ይበሉና፣ «ይህን ብገዛ ከቤቴ ውስጥ ማን ይጠብቃል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ «ማንም» ከሆነ በደስታ ይግዙ። የሚጠብቅ ሰው ካለ ግን ባዶ እጅዎን ቢመለሱ አያሳፍርም። በሚመጣው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ይሁኑ።