የመረብ ማዞሪያ ምርጫ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም

በአንድ አገር የዕድገት ጉዞ ውስጥ መገናኛ ያለው ድርሻ ታላቅ መሆኑ ዛሬ የሚያከራክር አይደለም። የሚያከራክረው፣ ሊያከራክርም የሚገባው፣ የመገናኛው መሣሪያ በምን ሚዛን ተመዝኖ፣ ማንንስ ለማገልገል ታስቦ ይመረጣል የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ለመሐንዲሶችና ለግዥ ክፍል ኃላፊዎች ብቻ ተትቶ ኖሯል። ይሁን እንጂ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ገንዘባችንን በመረብ ላይ ያመላልሳል። በ2015 ዓ.ም. አዋጅ የወጣለት ዲጂታል መታወቂያ የቀበሌውን ነዋሪ ማንነት በመረብ ይመዘግባል። በ2016 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ፈተናቸውን በኮምፒዩተር በመረብ ወስደዋል። እንግዲህ መረቡ በቆመ ጊዜ የሚቆመው የሠራተኛው ደመወዝ፣ የነዋሪው መታወቂያና የተማሪው ፈተና ከሆነ፣ የመረቡ መሣሪያ ምርጫ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ነው ማለት ከእንግዲህ አያስኬድም።

ጉዳዩን ለመመርመር በቅድሚያ መሣሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን የስልክ አገልግሎት በ1887 ዓ.ም. ከተጀመረና ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ከተዘረጋ ወዲህ፣ የመገናኛው ልብ ምንጊዜም ማዞሪያው ነው። በእጅ በሚሠራው ማዞሪያ ዘመን ኦፕሬተሯ የጠሪውን ገመድ ወስዳ በተጠሪው ቀዳዳ ትሰካ ነበር። ከእርሷ በኋላ ሥራውን አውቶማቲክ ማዞሪያ ተረከበ። ዛሬ በኢንተርኔት መረብ ውስጥ ይህንኑ ተግባር የሚፈጽመው ስዊች የተባለው መሣሪያ ነው። ድምፅም ሆነ ምስል፣ ደብዳቤም ሆነ የገንዘብ ትእዛዝ፣ ተቆራርጦ በትንንሽ የመረጃ ጥቅሎች ይጓዛል፤ ስዊቹ የእያንዳንዱን ጥቅል አድራሻ አንብቦ በየትኛው በር መውጣት እንዳለበት ይወስናል። ኦፕሬተሯ በአንድ ደቂቃ ጥቂት ጥሪዎችን ብታገናኝ፣ የዘመኑ ስዊች በአንድ ሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቅሎችን ያስተናግዳል።

የዚህ መሣሪያ የፍጥነት ዕድገት የሚያስደንቅ ነው። ብሮድኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ቶማሃውክ የተሰኘ የስዊች ቺፕ በሴኮንድ 3.2 ቴራቢት ያስተላልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አምስተኛው ትውልድ 51.2 ቴራቢት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ስድስተኛው 102.4 ቴራቢት ደርሷል። 51.2 ቴራቢት ማለት እያንዳንዳቸው 800 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ 64 በሮች በአንድ ሣጥን ውስጥ ማለት ነው። ሻጮች ይህን ቁጥር በካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጽፉታል፤ ገዥውም በቁጥሩ ይማረካል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ፍጥነት ብቻውን ሚዛን ሊሆን አይችልም። በመሐል አገር ሰፊ አውራ ጎዳና ተሠርቶ ገበሬው ከመንደሩ የሚወጣበት ድልድይ ግን ከጠበበ፣ የጎዳናው ስፋት ለገበሬው ምን ይፈይደዋል? በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ ከአምደወርቅ ከተማ ወደ አዲስ አበባ ገንዘብ የሚልክ ሰው መልእክቱ ከ700 ኪሎ ሜትር የማያንስ ጉዞ አለው። በጉዞው ላይ በብዙ ማዞሪያዎች ያልፋል፤ የሚያገኘውም አገልግሎት ከሁሉ በጠበበው መጋጠሚያ ይወሰናል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 700 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ከ4 ሚሊ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። በመሆኑም ደሃናን ከመሐል አገር የሚያርቃት የመልክዓ ምድር ርቀት ሳይሆን የመስመሩ ጥበትና የጣቢያው መብራት መቋረጥ ነው።

ከዚህ አንፃር የመጀመሪያው የምርጫ መመሪያ መሣሪያውን ከሥራው ማገናዘብ ነው። የመረጃ ማዕከልና የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት ሁለቱም ስዊች ይገዛሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በመረጃ ማዕከል ውስጥ ሰርቨሮቹ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ጉዞው አጭር ነው፤ ዋናው ጥያቄ በሮቹ ተመጣጣኝ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ 48 በሮች እያንዳንዳቸው 25 ጊጋቢት ቢያስገቡ ድምሩ 1,200 ጊጋቢት ይሆናል፤ ወደ ላይ የሚወጡት 8 በሮች እያንዳንዳቸው 100 ጊጋቢት ቢይዙ ድምሩ 800 ነው። ጥምርታው 1.5 ለ1 መሆኑን አውቆ መግዛት ይቻላል፤ ሳያውቁ መግዛት ግን የሕዝብ ገንዘብ ማባከን ነው።

የኢንተርኔት አቅራቢው ችግር ሌላ ነው። እርሱ ፈጣኑን መስመር ከዝግተኛው፣ አጭሩን ከረጅሙ ያጋጥማል። በዚህ መጋጠሚያ ላይ ጥቅሎች ተራ መጠበቅ ይኖርባቸዋል፤ መጠበቂያው የመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ነው። 64 ሜጋባይት መጠበቂያ ያለው ቺፕ፣ መጠበቂያው በሙሉ ለአንድ የ100 ጊጋቢት በር ቢሰጥ እንኳ፣ ከ5 ሚሊ ሴኮንድ ብዙም ያልበለጠ ትራፊክ ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ የመጣው ይጣላል። ስለዚህ ለአቅራቢዎች በጊጋባይት የሚለካ መጠበቂያ ያላቸው መሣሪያዎች ይሠራሉ። ይህ ማለት ትልቅ መጠበቂያ በሁሉም ቦታ ያስፈልጋል ማለት አይደለም፤ የብዙ ሰዎች ትራፊክ በተቀላቀለበት መስመር ያነሰው ሊበቃ ይችላል። በተጨማሪም ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የዓለም ኢንተርኔት አድራሻ መስመሮችን መያዝ መቻሉ መረጋገጥ አለበት። ርካሹ ሣጥን ፈጣን ሆኖ ሳለ ይህን መዝገብ ላይችል ይችላል።

ሁለተኛው መመሪያ መሣሪያውን ከአገሩ ጠባይ ማገናዘብ ነው። ብዙው የመሣሪያ መግለጫ የተጻፈው በባሕር ወለል አጠገብ ላለ አገር ነው። የእኛ አገር ደግሞ የከፍታ አገር ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር፣ ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ይገኛሉ። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። በዓለም የመረጃ ማዕከሎች ሥራ ላይ በሚውለው የአሽሬ መመሪያ መሠረት ኤ2 የተባለው የመሣሪያ ምድብ እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈቀድለታል፤ ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነስበታል። ይህ ሲሰላ 2,100 ሜትር ላይ ለተተከለ ጣቢያ ጣሪያው 31 ዲግሪ ነው። እርግጥ ነው፣ የደጋው ብርድ ራሱ ሀብት ነው፤ የውጭውን አየር በማስገባት የማቀዝቀዣውን የመብራት ወጪ መቀነስ ይቻላል። ነገር ግን ያው ዋግ ኽምራ በአንድ ወገን ደጋ፣ በሌላው ወደ ተከዜ የሚወርድ ቆላ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ለሰቆጣ የተመረጠው በቆላው ላይሠራ ይችላል። እንዲሁም መሣሪያው ሁለት የኃይል መቀበያ እንዳለው፣ በባትሪ ላይ በቀጥታ መሥራት መቻሉ፣ በየበሩ ስንት ዋት እንደሚበላ መጠየቅ ተገቢ ነው። መብራት በሚቋረጥበት ጣቢያ አንድ ሰዓት የሚጨምር ባትሪ ከአንድ መቶ ጊጋቢት ይበልጣል።

ሦስተኛውና ምናልባትም ከባዱ ጥያቄ የጥገኝነት ጥያቄ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 ዜድ.ቲ.ኢ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር በገባችው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሚገመት ስምምነት ግዙፍ የመረብ ማስፋፊያ አካሂዳለች። በ2005 ዓ.ም. የተከተለው የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ለዜድ.ቲ.ኢ እና ለሁዋዌ ተከፍሎ ተሰጠ፤ ቆየት ብሎም ከዜድ.ቲ.ኢ ድርሻ ከፊሉን የስዊድኑ ኤሪክሰን ተረከበ። ከአንድ አቅራቢ ወደ ብዙ አቅራቢ የተደረገው ይህ ጉዞ ራሱ ትምህርት ነው።

አንድ አቅራቢ ይሻላል የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው መናቅ የለበትም። ቴክኒሺያኖች አንድ መሣሪያ ብቻ ይማራሉ፤ መለዋወጫው አንድ መጋዘን ይበቃዋል፤ ብልሽት ሲደርስ ሁለት ኩባንያዎች ጥፋቱን እርስ በርስ አይወራወሩም። አቅራቢው የብድር ገንዘብም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሐቁ ይህ ሲሆን፣ የዚሁ ምቾት ዋጋ የሚከፈለው በኋላ ነው። አንዳንድ አምራቾች በስዊቹ በር የሚሰካውን የብርሃን ማስተላለፊያ የራሳቸው ምልክት ከሌለበት አይቀበሉም፤ መሣሪያው ውስጥ ያለ አገልግሎት በየዓመቱ በሚታደስ ፈቃድ ካልተከፈተ አይሠራም፤ የሶፍትዌሩ ቁልፍ በሻጩ እጅ ይቀራል። እንዲህ ባለ ውል የተያዘ ድርጅት ሣጥኑን እንጂ መረቡን አልገዛም። አማራጩ ግን አለ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም ክፍት ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን የተዛወረው ሶኒክ የተባለ የስዊች ሶፍትዌር በልዩ ልዩ አምራቾች መሣሪያዎች ላይ ይሠራል። ሆኖም ክፍት ሶፍትዌር በነፃ ስለተገኘ ብቻ ነፃነት አያመጣም፤ የሚያውቀው፣ የሚያስተካክለውና ሌሊት ሲበላሽ የሚነሣለት የአገር ልጅ ያስፈልገዋል። ስለሆነም ነፃ የሚያወጣን የባለሙያዎቻችን ዕውቀት ነው። በእያንዳንዱ የግዥ ውል ውስጥ የሥልጠናው በጀት ከመሣሪያው ዋጋ ጎን ለጎን መጻፍ ያለበትም ስለዚህ ነው።

አራተኛው መመሪያ ከአንድ ፈጣን መንገድ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይሻላሉ የሚለው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት የዋግ ኽምራ ሕዝብ መብራትና ስልክ ተቋርጦበት ብዙ ወራት አሳልፏል። ጦርነትን የሚያስቆም ስዊች የለም፤ ይህን ማስመሰል ሕዝብን ማታለል ይሆናል። መረብ እንዲኖር በቅድሚያ ሰላም መኖር አለበት። ነገር ግን ሰላም በወረደ ማግሥት ጎርፍ ወይም ቆፋሪ ማሽን አንዱን ፋይበር ሲቆርጠው ወረዳው በሌላው መስመር መቀጠል መቻሉ በምርጫ የሚወሰን ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከተጎዱት አካባቢዎች ግንባር ቀደም ለነበረችው ለዋግ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባው አገራዊ ቃል ኪዳን በስሟ ለተጠራላት ለሰቆጣ፣ የጤና ኬላው ዘገባ በጊዜው መድረስ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በመጨረሻም፣ የአገር ውስጥ መልእክት አገር ውስጥ መቅረት ይኖርበታል። የኢትዮጵያ መረብ ወደ ውጭ የሚወጣው በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ነው። ሁለት አቅራቢዎች በአገር ውስጥ ካልተገናኙ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ጎረቤታሞች መልእክት ባሕር ተሻግሮ፣ የውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት ሊመለስ ይችላል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት በይፋ በመጀመሩ ጉዳዩ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያ ስትከፍት፣ ጣቢያው በዘመኑ የመንግሥት በነበረው የቴሌኮም ድርጅት ተቃውሞ ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2002 እንደገና ተከፈተ። ኢንተርኔት ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2012 በአገር ውስጥ የሚስተናገደው የኬንያ ትራፊክ 30 በመቶ ገደማ የነበረው ወደ 70 በመቶ አድጓል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲጀመር የሚጠይቀው መሣሪያ አንድ ደኅና ስዊች ነው፤ አስቸጋሪው ተወዳዳሪዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የመረብ መሣሪያ የሚመርጥ ድርጅት በግዥ ሰነዱ ላይ አምስት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባዋል፤ መሣሪያው ለየትኛው ሥራ ነው? በከፍታችንና በመብራታችን ሁኔታ ይሠራል? በአምስት ዓመት ውስጥ ፈቃዱ፣ መለዋወጫውና መብራቱ ተደምሮ ስንት ያስወጣል? አቅራቢው ቢሄድ ማን ይጠግነዋል? አንዱ መስመር ሲቆረጥ የመጨረሻው ወረዳ በምን ይገናኛል? ነዋሪዎች በየስብሰባቸው፣ ሠራተኞችም በየመሥሪያ ቤታቸው እነዚህን ጥያቄዎች ለማንሳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልጋቸውም። የከፈለ ሁሉ የመጠየቅ መብት አለው፤ የተጠየቀም የመመለስ ግዴታ አለበት።

አባቶች ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል። የዘመኑ ድር ፋይበር ሲሆን ቋጠሮው ስዊች ነው። ቋጠሮው በዋና ከተማ ብቻ ጠብቆ በአምደወርቅ ከላላ ድሩ አላበረም። የአገር መረብ ፍጥነት መለካት ያለበት በመሐል አገር ባለው ትልቁ ሣጥን ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን፣ ከሁሉ ርቃ በምትገኘው ቀበሌ ያለች እናት ልጇ የላከላትን ገንዘብ ለመቀበል በምትጠብቀው ደቂቃ ነው።