«መጀመሪያ እነሱ ይፍቀዱ»

ሙያዬ ሕግ ነው፤ ከሕግም ዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነፃነት የሚባለው ዘርፍ። ይህንን በሰርግ ቤትም ሆነ በለቅሶ ቤት ስናገር የሚከተለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለየትኛው ሃይማኖት ነው የምትሠራው?» «ለማንኛውም» ብዬ ስመልስ የሚያምነኝ የለም። አንዳንዱ እንዲያውም ጠጋ ብሎ «እሱስ እሺ፣ ለመሆኑ አንተ የማን ነህ?» ይለኛል። ወጌሻን «የማንን አጥንት ነው የምታሸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የሃይማኖት ነፃነት ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም የሚፈልገው የራሱን ወገን ጠበቃ ነው።

ይህስ ባልከፋ፤ ሰው ለወገኑ ቢያደላ አይገርምም። የሚከፋው ከዚህ አድልዎ የሚወለደው ክርክር ነው። ክርክሩ አጭር ነው፤ «መጀመሪያ እነሱ ይፍቀዱ» ይላል። የተማረውም ያልተማረውም ይናገረዋል። እኔ ግን በሙያዬ ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ እንደዚህ ብልህ መስሎ ሞኝ የሆነ አላገኘሁም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 በሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጅዳ ከተማ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በፖሊስ ተያዙ። 29ኙ ሴቶች ናቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በወቅቱ እንደገለጸው፣ ምክንያት ሆኖ የቀረበባቸው «ጸለያችሁ» የሚል እንኳ አልነበረም፤ ያልተጋባችሁ ወንድና ሴት ተቀላቅላችሁ ተገኛችሁ የሚል ነው። ሴቶቹ ክብርን የሚነካ የሰውነት ፍተሻ እንደተደረገባቸው ተናግረዋል። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የሚባል የለም፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው በአደባባይ ማምለክ አይፈቀድለትም። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ተቆጣ፤ ደግ አደረገ፤ መቆጣት ነበረበት።

ታዲያ ይኸው የተቆጣ ሰው አክሱም ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። የአክሱም ሙስሊሞች በተወለዱበት ከተማ መስጊድ ለመሥራት ሲያቀርቡት የኖሩት ጥያቄ ለረጅም ዘመን ሳይፈቀድ ቆይቷል። ይህን ሳነሳ መልሱ የታወቀ ነው፤ «መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይሠራና ያኔ እንነጋገራለን!» በሌላው በኩል ደግሞ ስለ አክሱም መስጊድ ሲሟገት ድምፁ የማይደክመው ሙስሊም ወንድሜ፣ የጅዳዎቹን ሴቶች ሳነሳበት «የአገሩ ሕግ ነው፤ ማን ሂዱ አላቸው?» ይለኛል። ባንዳንድ ከተሞቻችን ደግሞ ፕሮቴስታንቱ ሬሳ የሚቀብርበት ቦታ አጥቶ ሲንከራተት፣ «የራሳቸውን ይፈልጉ» ባይ ጎረቤት አይጠፋም። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የምንለው ለካ ለስብሰባ መክፈቻ ነው።

እስቲ እንጠይቅ፦ የአክሱሙ ሙስሊም የሳዑዲ አምባሳደር ነው እንዴ? የሪያድን ሕግ አርቅቋል? መካን ያስተዳድራል? አያቱ ከተቀበሩበት አገር ውጭ ሌላ አገር የማያውቅ ሰው፣ ባሕር ማዶ ያለ መንግሥት በሠራው ሥራ ለምን መያዣ ይሆናል? ጅዳ ላይ ለጸለየችው የቤት ሠራተኛስ፣ አክሱም መስጊድ መከልከሉ ምን ይጠቅማታል? ከእስር አንድ ቀን እንኳ አይቀንስላትም።

የንግድ ውል ቢሆን ይገባኛል። አንተ ቀረጥ ከጨመርክብኝ እኔም እጨምርብሃለሁ ይባላል። መብት ግን ዕቁብ አይደለም፤ «እሱ ካልጣለ እኔም አልጥልም» አይባልበትም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ በግልጽ ጽፎታል፤ በመንግሥታት መካከል ያለ «ሰጥቶ መቀበል» በሰብአዊ መብት ውስጥ ቦታ የለውም። ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1948 ድምፅ ሲሰጥበት ሳዑዲ ዓረቢያ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ሃይማኖትን መለወጥን ጨምሮ የእምነት ነፃነትን የደነገገው አንቀጽ 18 ካልተዋጡላት ነገሮች አንዱ ነበር። ኢትዮጵያ ግን ደግፋ ድምፅ ሰጠች። «መጀመሪያ ሳዑዲ ትፈርም» አላለችም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 27ም ለማንኛውም ሰው ይላል እንጂ «ወገኖቹ ሌላ አገር ላልበደሉ» አይልም።

«አክሱም እኮ ቅድስት ከተማ ናት» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። የጽዮን ማርያም ክብር ለምእመኑ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሕጉም ቢሆን ገደብን ፈጽሞ አይከለክልም። ነገር ግን ገደቡ በሕግ የተደነገገ፣ ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሥርዓት፣ ለጤና፣ ለሞራል ወይም ለሌሎች መብት የግድ አስፈላጊ መሆን አለበት። በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ስላለው ቅጥር መነጋገር ይቻላል። ሰው የሚወለድበትን፣ የሚነግድበትንና ግብር የሚከፍልበትን ከተማ በሙሉ ቅጥር ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞስ አክሱም በእስልምና ታሪክ የምትታወቀው በምንድን ነው? በ615 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞችን የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ ነው ይባላል። አሳልፈህ ስጠን ቢሉት እምቢ አለ። «መጀመሪያ እነሱ ይፍቀዱ» አላለም።

«ሞኝ እንሁን ታዲያ?» የሚለኝ አለ። ሞኝነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ከሥራዬ ልንገረው። የዚህ ሙያ መሣሪያ ዶሴ ነው። ምስክርነት ይሰበሰባል፣ ሰነድ ይጣራል፣ ለተባበሩት መንግሥታት የሃይማኖት ነፃነት ልዩ ዘጋቢ ይጻፋል፣ የመንግሥት ተወካይ ፊት ይቀረባል። እኔ የማዘው ጦር የለኝም፤ ያለኝ አንድ ሚዛን ብቻ ነው። የጅዳውን ዶሴ ስከፍት ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው «የናንተውስ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ነገር በሰጠሁት ቁጥር፣ የምትጎዳው ያቺው የታሰረችው እህታችን ናት። አገር ቤት የዘጋነው በር ውጭ አገር የሚዘጋው በእኛው ልጆች ላይ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 አንቀጽ 18ን ቁርኣን ጠቅሰው የደገፉት የፓኪስታኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዛፍሩላህ ካን ነበሩ። ኋላም የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። እሳቸው የአሕመዲያ ማኅበረሰብ አባል ናቸው። በ1974 የገዛ አገራቸው ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ አሕመዲያዎችን «ሙስሊም አይደላችሁም» አለች፤ በ1984 ደግሞ ራሳቸውን ሙስሊም ብለው መጥራታቸውን ወንጀል አደረገችው። ሰውየው ይህን ሁሉ በሕይወት ሳሉ አዩ።

ወደ ጎረቤታችን እንምጣ። የኤርትራ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2002 ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራንና ከእስልምና በቀር ያሉትን የአምልኮ ቤቶች ዘጋ። ኦርቶዶክሱ «እኔን አይነካኝም» ቢል ማን ይፈርድበታል? ግን አራት ዓመት አልቆየም፤ በመንግሥት ጣልቃ ገብነት ላይ የተናገሩት የዚያችው ፈቃድ ያላት ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ እንጦንዮስ በ2006 ከመንበራቸው ተነሡ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2022፣ በቁም እስር ቆዩ። የጎረቤትን በር ለማሸግ የተፈቀደለት እጅ የማንን በር እንደሚያሽግ የሚጠይቀው የለም። ባልንጀራህ ሲታማ ለኔ ብለህ ስማ የሚባለው ለዚህ ነው።

«ሰጥቶ መቀበል» ከቃል አልፎ ድርጊት ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚመስል ሩቅ አገር ሳንሄድ አይተነዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ቀናት ሳይቆጠሩ ስልጤ ዞን፣ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ምን አደረገ? ምንም። እንደ አክሱሙ ሙስሊም እሱም በሌላው ዕዳ ተያዘ። ቃጠሎውን ለኮሱት የሚባሉት ጥቂት ወጣቶች ናቸው፤ ሐሳቡን ግን እኛ ነን በየሳሎናችን፣ ቡና እየጠጣን፣ «መጀመሪያ እነሱ» እያልን ያስተማርናቸው።

ስለዚህ ለአንባቢዬ አንድ ነገር እላለሁ። ስለ ሃይማኖት ነፃነት መናገር ከፈለጉ ከራስዎ አይጀምሩ። ክርስቲያን ከሆኑ ስለ አክሱሙ መስጊድ ይጻፉ፤ ሙስሊም ከሆኑ ስለ ጅዳዎቹ እስረኞች፤ ኦርቶዶክስ ከሆኑ ስለ ፕሮቴስታንቱ መቃብር፤ ፕሮቴስታንት ከሆኑም የማይወዱት ሰው ስለማያምነው ነገር። ወገንዎ ያኮርፍዎታል፤ «ተሸጠ» ይልዎታል። ያን ጊዜ የሃይማኖት ነፃነት ጠበቃ ሆነዋል ማለት ነው። ከዚያ በመለስ ያለው ለራስ ወገን መሟገት ነው፤ እሱም መብትዎ ነው፤ ስሙን ብቻ አይቀይሩት።