«ጎንደርን ሰጥቼዎታለሁ»

የአጋማሹ ፈተና በተፈጸመ ማግስት ከማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ደጃፍ አንዲት የካርቶን ሣጥን አኑረን፥ «በፈተና ወረቀት ላይ የተጻፈ የሚያስቅ መልስ የምታውቁ ሁሉ ጽፋችሁ ጣሉ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈንባት ነበር። አሳባችን የዚህን ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ በሣቅ መሙላት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር አልነበረውም። ሣጥኒቱ በአራት ቀን ሞላች። እኛም ከእራት በኋላ ተሰብስበን እያነበብን፥ እውነቱን ለመናገር፥ እንባችን እስኪፈስ ሣቅን። ገጹ ግን በዚህ እትም አልወጣም። ያልወጣበትን ምክንያት ለአንባቢዎቻችን መግለጽ ግዴታችን ነው።

በመጀመሪያ ያለ አንዳች ጸጸት የሣቅንበትን እንናገር። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይናገራል። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የስታቲስቲክስ ጥያቄ ቢያቅተው፥ ባዶ ወረቀት መስጠትን ነውር ቈጥሮ፥ «አላወቅሁትም፤ ጎንደርን ሰጥቼዎታለሁ፤ መልሱን ይንገሩኝ» ብሎ ጻፈ። መምህሩም በቀይ ቀለም «ጎንደርን ተቀብያለሁ፤ ማርኩ ዜሮ ነው፤ መልሱ ግን እንዲህ ነው» ብለው ስሌቱን ከነመንገዱ በአምስት መስመር አስፍረው መለሱለት። ልጁ ወረቀቱን ከአልጋው ራስጌ ለጥፎታል። ያን ስሌት ዕድሜውን ሙሉ የሚረሳው አይመስለንም።

የልመናዎቹም ቍጥር ጥቂት አልነበረም። «በቁልቢው ገብርኤል ይዤዎታለሁ፥ ከ‹ሲ› በታች እንዳያወርዱኝ» የሚለውን ዐይነት ማለታችን ነው። ስለ እነዚህ የምንለው የለንም፤ ቅዱሳኑ ራሳቸው ይፍረዱ።

ሣቃችንን ያቀዘቀዘው ከባዮሎጂ ፈተና የመጣው ነው። ተክሎች ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ እንድታስረዳ የተጠየቀች አንዲት ተማሪ፥ «ፎቶሲንተሲስን አላጠናሁም፤ ስለ ሴል አተነፋፈስ ግን አጥንቻለሁና እሱን ላስረዳ» ብላ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ስኳር ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ እንደሚሆን፥ ጉልበትም እንደሚገኝበት፥ ከነቀመሩ አንድ ፊደል ሳታዛንፍ አስቀመጠች። መምህሩ ይህን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አነበቡት፤ ክፍሉም በሣቅ ተናወጠ። እኛም ከሣጥኒቱ ስናወጣው እንዲሁ ሣቅን። ከመካከላችን ባዮሎጂ የሚያጠናው ወንድማችን ግን ቀመሩን ትክ ብሎ ካየ በኋላ፥ «ይህንኮ ከኋላ ወደ ፊት ብታነበው የተጠየቀችው መልስ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። የሁለቱ ጠቅላላ ቀመር አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፤ በአንዱ የፀሐይ ብርሃን ይገባል፥ በሌላው ጉልበት ይወጣል። እንግዲህ ልጅቱ መልሱን በእጇ ይዛ መያዟን አላወቀችም። ሁለት ገጽ በቃሉ የያዘ ሰው ሰነፍ አይባልም፤ ቀመር እንደ ዳዊት ከመደገም አልፎ የሚመረመር ነገር መሆኑን የነገራት ስለሌለ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍል ውስጥ እጇን አንሥታ ጠይቃ አታውቅም። (ይህን እንድንጽፍ ራሷ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አይደለም።)

ከታሪክ ፈተና የተገኘው ደግሞ የሚከተለው ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ስለ ምን ጠብ እንዳመጣ የተጠየቀ ተማሪ፥ የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈቅዱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ይችላሉ ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ እንዳደረገው በትክክል አስረዳ። ከዚያ ከግርጌው «እኔም በዚህ ፈተና በሰው ቋንቋ እየተዋዋልሁ ስለ ሆነ፥ ካልተግባባን ዐድዋ ሳንደርስ ቢታሰብበት» የሚል ጨመረ።

ቀልድ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። ከሣጥኒቱ ካወጣናቸው መልሶች ብዙዎቹ የሚያስቁት በአሳባቸው ሳይሆን በእንግሊዝኛቸው ነው። ያንኑ ነገር ልጁ ከቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ ብትጠይቁት ሣቁ ይቀርና መልሱ ይመጣል። እኛ እንግሊዝኛ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለንም፤ መጻሕፍታችን በምን ቋንቋ እንደ ተጻፉ እናውቃለን። ነገር ግን የሰዋስው ስሕተት የዕውቀት ስሕተት ተብሎ ሲሣቅበት አብረን መሣቃችን አሳፍሮናል።

መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ የወደቀም አለ። ኢኮኖሚስቶች «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» የሚሉትን፥ ማለት አንዱን ስንመርጥ የሚቀርብንን ከሁሉ የተሻለ ሌላ ነገር፥ በምሳሌ እንዲያስረዳ የታዘዘ ተማሪ «ይህን ፈተና ስጽፍ ያመለጠኝ ምሳ» ብሎ ቢመልስ ዜሮ ተሰጠው። የመጽሐፉ ምሳሌ ስለ ፋብሪካ ነበርና። እኛ ግን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም፤ በተለይ የዚያን ቀን ምሳ ምን እንደ ነበረ ለምናስታውስ።

አሌክሳንደር ካላንድራ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር እ.ኤ.አ. በ1968 «ሳተርደይ ሪቪው» በተባለ መጽሔት ያወጣው ወግ አለ። የረጅም ሕንፃ ቁመት በባሮሜትር እንዴት እንደሚታወቅ የተጠየቀ ተማሪ፥ ባሮሜትሩን በገመድ አሥሮ ከጣራ ማውረድና ገመዱን መለካት ነው ብሎ መለሰ። መምህሩ ዜሮ ሊሰጠው ሲል ካላንድራ በዳኝነት ገባና ለልጁ ሌላ ዕድል ሰጠው፤ ልጁም ከጣራ ጥሎ የሚወድቅበትን ጊዜ ከመቍጠር አንሥቶ፥ ባሮሜትሩን ለሕንፃው ጠባቂ መማለጃ ሰጥቶ ቁመቱን እስከ መጠየቅ ድረስ ልዩ ልዩ ዘዴ ደረደረ። የሚፈለግበትንም መልስ ያውቀው ኖሯል።

ለዚህ አሜሪካ ድረስ መሄድ ባላሻንም ነበር። በቅኔ ቤት የትናንቱን ወይም የጓደኛን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ደቀ መዝሙሩ አዲስ ቈጥሮ ከየኔታ ፊት ይቀርባል፤ የኔታም ያደምጣሉ፥ ይነቅፋሉ፥ ያርማሉ፤ ያልተጠበቀ ወርቅ ሲወጣም «ይበል!» ይላሉ።

መምህራኖቻችንን መበደል አንፈልግም። የሁለት መቶ ተማሪ ወረቀት ሌሊቱን ሲያርም የሚያድር ሰው ለአንዱ አምስት መስመር ለመጻፍ ጊዜ ከየት ያመጣል? ሁሉንም በምርጫ አድርጎ በማሽን ማሳረም ይቀላል፤ እየተዘወተረም የመጣው ይኸው ነው። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፥ ማለት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ምን አስበው እንደ ተሳሳቱ ከጠቈሩት ክቦች ማንም ሊያነብ አይችልም። «ኤ»ን ትቶ «ሲ»ን ያጠቈረ ልጅ ሳይገባው ይሁን፥ አወላግዶ አስቦ ይሁን፥ ወይስ ዕጣ ጥሎ፥ ማሽኑ አይጠይቀውም። የባዮሎጂዋ ልጅ ጕድለት እንኳ የታወቀው በእጇ የምትጽፍበት ባዶ ቦታ ስለ ተተወላት ነው።

የመጨረሻው ገጽ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ባለቤቱ ያልፈቀደውን መልስ አናትምም፤ መምህራንም ወረቀት ለክፍል ከማንበባቸው በፊት ባለቤቱን እንዲጠይቁ፥ ከተቻለም ለብቻው ጠርተው እንዲያናግሩት በትሕትና እንለምናለን። ከእያንዳንዱ መልስ በላይ ጥያቄው ራሱ እንዳለ ይታተማል፤ አንዳንዱን ጥያቄ ስናነብ የሚያስቀው የትኛው እንደ ሆነ ግራ ገብቶናልና። ሣጥኒቱ አሁንም ከደጃፉ ላይ ናት። ጥያቄውን ያላያያዘ መልስ ግን አንቀበልም።