ዓሣን መብላት በብልሃት፤ መጥበሱስ?

ስለ ዓሣ ያሉንን ተረቶች እስቲ አስቧቸው። «ዓሣ ግማቱ ካናቱ»፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል»፣ «ዓሣን መብላት በብልሃት»። አንዱ ስለ ግማት፣ አንዱ ስለ ዘንዶ፣ አንዱ ስለ እሾህ። ስለ ጣዕሙ የተተረተ እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። ይሄ ሳያንስ «ዓሣ ቤት አይሠራም» የሚል ያልተጻፈ ሕግ ጨምረንበታል። ዛሬ የምከራከረው ከዚህ ሕግ ጋር ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጥሩ የተጠበሰ፣ ከላይ ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ ያልደረቀ ዓሣ የቤት ምግብ ነው። ሐይቅ ዳር ላሉ መዝናኛዎች አሳልፈን የሰጠነው እኛው ነን። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ቤት የቀሩት ሚስትና ልጆች ናቸው።

እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል ጠዋት ጀልባ ሲመለስ ትኩስ ዓሣ ይገዛል፤ ልጆቹ እዚያው አጽድተው፣ ገፈው፣ ፊሌቶ አድርገው ይሰጧችኋል። ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት ምን ይሆናል? አባወራው ከጓደኞቹ ጋር ሐይቅ ዳር ይቀመጣል። ጎኑ የተተለተለ ቆሮሶ ይታዘዛል፣ ዳጣ ይመጣል፣ ቢራ ይከፈታል። ይብላ፣ ማንም አልከለከለውም። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ለልጆቹ የሚደርሳቸው የእጁ ሽታ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ «ቤቱ ዓሣ የሚሠራ እስቲ እጁን ያውጣ» ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። ሐይቁ ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ የወጣው እጅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ የሐዋሳ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳርም፣ አርባ ምንጭም፣ ባቱም ያው ነው። ይህን ሁሉ ሐይቅ ይዘን በነፍስ ወከፍ የምንበላው ዓሣ ከአፍሪካ አማካይ እጅግ ያነሰ ነው። ሥጋ ቤት ደግሞ በመምህር ደመወዝ የሚገባበት ጊዜ አልፏል፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የልጅ ሰውነት የሚገነባበት ነገር ከቤታችን አጠገብ እየዋኘ «አይሠራም» ማለት ለእኔ ስንፍና ነው።

ለምን ቤት አይሠራም ብላችሁ ስትጠይቁ የምትሰሙት ሦስት ነገር ነው። ይሸታል። ምጣዱ ላይ ይጣበቅና ይፈራርሳል፣ እንደ ውጭው ኩርሽም አይልም። ዘይት ይጨርሳል። ሦስቱም የዓሣው ጥፋት አይደሉም፤ የአጠባበሳችን ጥፋት ናቸው።

ማስረጃ እንዲሆነኝ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች፣ እነ ሚሲሲፒ፣ አላባማ፣ ሉዊዚያና በሚባሉት፣ የተጠበሰ ዓሣ የቤትና የሰፈር ምግብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳይቀር ዓሣ እየተጠበሰ ለማኅበር ገንዘብ ይሰበሰባል። የሚጠብሱት አብዛኛውን ጊዜ ካትፊሽ የሚሉትን፣ የኛን አምባዛ የሚመስለውን ዓሣ ነው፤ ሚሲሲፒ እሱን በኩሬ በማርባት ከአገሪቱ ግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ናት። ይሄ የሀብታም ምግብ ሆኖ አልተጀመረም። በቆሎውን ለዓለም የሰጡት የአህጉሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። አጠባበሱን ካዳበሩት እጆች መካከል ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችና የልጅ ልጆቻቸው አሉበት። ከወንዝ ያገኙትን ዓሣ በርካሽ የበቆሎ ዱቄት ጠብሰው ቤተሰብ አብልተውበታል።

አሁን የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ ስሙኝ። የበቆሎ ዱቄት። ዓሣው የሚነከርበት አሬራ። አንዳንዱ በአሬራው ፋንታ ሰናፍጭ ይቀባዋል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የሚያቃጥል ደረቅ በርበሬ። ወፍራም የብረት መጥበሻ። አለቀ! እስቲ ከዚህ ውስጥ የኛ ጓዳ የማያውቀው የቱ ነው? በእርሻ ስፋት ጤፍ ቢበልጥም በኩንታል ሲቆጠር የአገራችን ቀዳሚ እህል በቆሎ ነው። አሬራ እናቶቻችን ቅቤ ሲያወጡ የሚቀር ነው። ሰናፍጭ የጾም ማባያችን ነው። ሚጥሚጣ አለን፤ ብረት ምጣድ አለን።

«መምህር ደግሞ የፈረንጅ ምግብ ሊያስተምረን መጣ» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በቆሎም ቃሪያም በርበሬም መጀመሪያ የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ዛሬ ዶሮ ወጥን የፈረንጅ ነው የሚል ሰው አለ? የለም። እንግዲያው ይሄኛውም አይከብደንም።

ወደ ሦስቱ ሰበቦች ልመለስ።

መጀመሪያ «አይንኮሻኮሽም፣ ይጣበቃል» የሚለው። የዚህ ሁሉ ጠላት ውኃ ነው። ውኃ ከምድጃ ምንም ያህል እሳት ብትሰጡት ከመፍያው ሙቀት አያልፍም፤ ትርፉን ሙቀት ይዞ ይተናል። በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ነው፤ ሐዋሳ 94 ገደማ፣ አዲስ አበባ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ምግብ ግን ቡናማ ሆኖ የሚጠበሰው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። እንግዲህ ዓሣውን አጥባችሁ ውኃው እየተንጠባጠበ ዘይት ውስጥ ስትከቱት እየጠበሳችሁት አይደለም፤ እየቀቀላችሁት ነው። ገጹ ላይ ያለው ውኃ ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ሥጋው ምጣዱ ላይ ይጣበቃል፣ ዘይቱ ይበርዳል። ከዚያ ስታገላብጡት ይፈራርስና «ዓሣ አስቸጋሪ ነው» ትላላችሁ። አንድ መልካም ዜና ልጨምር። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል ቢላችሁ የከፍታው ነገር ነው፤ ዘይት ግን ከፍታ አይገድበውም። አዲስ አበባም ሆናችሁ ደብረ ብርሃን ዘይቱ እንደ ሚሲሲፒ ዘይት ይግላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አንድ ኪሎ ፊሌቶ ግዙ። ጨው ነስንሱበትና 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ጨው ውኃውን ወደ ውጭ ይስበዋል። በንጹሕ ጨርቅ ጫን እያላችሁ አድርቁት። ከዚያ በአሬራ ወይም በቀጠነ ሰናፍጭ ለስለስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ዱቄቱን የሚይዝ ስስ ቅባት ብቻ ነው የምትፈልጉት። በሰፊ ሳህን ላይ 2 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ጨው ቀላቅሉ። የበቆሎው ዱቄት ሻከር ያለ ይሁን፤ ኩርሽም የሚያደርገው እሱ ነው። ዓሣውን በሁለቱም ጎን አገላብጡበት፣ ትርፉን አራግፉ፣ 10 ደቂቃ ይረፍ። ያኔ ዱቄቱ ይይዛል።

ዘይቱ ጥልቅ አይሁን። የዓሣውን ውፍረት ግማሽ ድረስ ከመጣ ይበቃል። ሙቀቱ ከ175 እስከ 190 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ፤ ቁንጥር የበቆሎ ዱቄት ጣል አድርጉበት። ወዲያው ከተንጫጫ ደርሷል፤ ዝም ብሎ ከሰመጠ ጠብቁ፤ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንሱ። ዓሣውን ከናንተ ወደዚያ አስተኙት፣ ወደ ራሳችሁ እንዳይረጭ። ምጣዱን አታጨናንቁት፤ ብዙ ከተከተ ዘይቱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ደግሞ እባካችሁ አትነካኩት! 3 ወይም 4 ደቂቃ ተዉት። ቅርፊቱ ሲጠነክር ከምጣዱ ራሱ ይለቃል። አንዴ ገልብጡት፣ 3 ደቂቃ ገደማ፣ በቃ። ወፍራሙ ቦታ ላይ በሹካ ስትነኩት ሥጋው ነጭ ሆኖ በንጣፍ በንጣፍ ከተላቀቀ በስሏል።

ካወጣችሁ በኋላ ክዳን አትድፉበት። እንፋሎቱ ተመልሶ ያረጥበዋል፣ የለፋችሁበት ኩርሽምታ በ2 ደቂቃ ይጠፋል። በሽቦ ወንፊት ላይ ይተንፍስ። ሎሚ ካሻችሁ ሲበላ ጭመቁበት እንጂ ቀድማችሁ አታርጥቡት።

ሁለተኛው ሰበብ «ይሸታል» ነው። ትኩስ የሐይቅ ዓሣ ቤት አያሸትም። ዓይኑ የጠራ፣ ጉንጩ ውስጥ ያለው መተንፈሻው ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ ትኩስ ነው። ቤት የሚያሸተው የቆየ ዓሣና የቆየ ዘይት ነው። ይህን ሽታ የለመድነው ደግሞ ከአንዳንድ ጥብስ ቤቶች ነው። ዘይቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይፈላል፣ ማታ ይከደንና በነጋታው ይቀጥላል። ቀለሙ እንደ ቡና ጠቁሮ፣ አረፋ እያወጣ፣ ገና ሳይግል እየጨሰ። ደጋግሞ የተቃጠለ ዘይት ለጤናም አይሆንም። ዓሣውም እስኪደርቅ የሚጠበሰው አንዳንዴ ትኩስ ስላልሆነ ነው፤ በዳጣና በቢራ ሲታለፍ ማን ያውቃል? ቤት ከሆነ ዘይቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው «ዘይት ይጨርሳል» ነው። ይህን ሰበብ አልንቀውም፣ የዘይት ዋጋ የሁላችንም ራስ ምታት ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራ። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መጥበሻ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ዘይት ብታፈሱ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ከዚያ የሚበዛው ተርፎ ይቀራል። አጥልላችሁ ለሚቀጥለው የዓሣ ጥብስ አንዴ ትጠቀሙበታላችሁ፤ ከዚያ ይደፋል። ብዙ ዘይት የሚበላው ድስት ሙሉ ዘይት ውስጥ የሚዋኘው ጥብስ ነው። ደግሞ አሁን አሁን በቪዲዮ የሚያሳዩን ወፍራም ሊጥ ውስጥ የተነከረ ዓሣ አለ። እሱ ዓሣ አይባልም፣ ቦንቦሊኖ ነው። ሊጡ ዘይቱን ይጠጣል፣ ዓሣው መሐል ላይ ይጠፋል።

ሌሎች ሁለት ጥያቄዎችም ይመጣሉ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ፣ የእኔ ሙያ አይደለም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አልበላም ብሎ አምባዛን የሚተው ሰውም እምነቱን አከብራለሁ፤ ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ በዚሁ ዘዴ ይጠበሳል። የሚበላ ግን አምባዛን አይናቀው፤ አሜሪካኖቹ ያን ሁሉ ድግስ የሚደግሱት በእሱ ዘመድ ነው። እሾህን ለምትፈሩ ወላጆች፣ ፊሌቶ ግዙ፣ ለትንንሾቹ ከመስጠታችሁ በፊት በጣታችሁ ዳብሱት። ጭንቅላትና አጥንቱን ደግሞ አትጣሉ፣ ሾርባ ይሆናል። ልጆች ከምጣዱ ይራቁ። ዘይት እሳት ከያዘ ውኃ እንዳታፈሱበት፤ እሳቱን አጥፍታችሁ ክደኑት።

አሁን የመጨረሻው ቃሌ ለወንዶቹ ነው። ይህን አንብባችሁ ለሚስቶቻችሁ «ሥሪልን» ብላችሁ ብትልኩላቸው አልገባችሁም ማለት ነው። እሷ ሽሮውንም እንጀራውንም ይዛለች። ዓሣ መምረጡን ታውቁበታላችሁ፣ ሐይቅ ዳር ስትቀመጡ ስለ አጠባበሱ ስትፈላሰፉ እንሰማለን። በዚህ ወር አንዱን ቅዳሜ ለጓደኞቻችሁ «ዛሬ አልመጣም» በሉ። የሁለት ቢራ ዋጋ ቀንሱ፣ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ይዛችሁ ቤት ግቡ፣ ምጣዱን ራሳችሁ ጣዱት። ልጆቹ መጀመሪያ ይብሉ፣ እናታቸው ተቀምጣ ትብላ፣ እናንተ የመጨረሻውን ብሉ።

አልሆነም የምትሉ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ እንከራከራለን። ግን ዓሣውን አድርቃችሁት እንደነበር ቀድሜ እጠይቃለሁ።

ቸር እንሰንብት!