ዕድገት በስንት ዓመት?

በቅርቡ ከክላስ ወጥተን ስለ ሥራ ስንጫወት አንድ ጓደኛችን «አማካሪ ድርጅት ግቡ፣ እዚያ ቶሎ ነው የሚታደገው» አለን። ሁሉም ተስማማ። እኔ ግን የማንኩሽ ልጅ ነኝና ነገሩን ዝም ብዬ መቀበል አልሆነልኝም።

የማንኩሽ ልጅ መሐንዲስ እያየ ነው የሚያድገው። የህዳሴው ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በወረዳችን በጉባ ሲጀመር ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ኮሌጅ ገብቻለሁ። የግንባታው ተቋራጭ ሳሊኒ፣ የዛሬው ዊቢልድ፣ ሲሆን በአማካሪነት ደግሞ ትራክትቤልና ኢኤልሲ ነበሩ። ተቋራጭ ይሠራል፤ አማካሪ አይቶና ለክቶ ይፈርማል። አማካሪ የሚሸጠው ሌላ ዕቃ የለውም፤ ዕውቀቱንና ፊርማውን ነው።

ታዲያ በዚህ ሙያ በስንት ዓመት ይታደጋል? እንደ ማኪንዚ ባሉት የዓለም የማኔጅመንት አማካሪዎች ዘንድ ሰው በአንድ ደረጃ ላይ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ወይ ከፍ ይላል፣ ወይ ይሰናበታል። ጨካኝ ሕግ ነው፤ ግን ማንም ሳይገመገም አይከርምም።

እኛ ጋ የኢንጂነሪንግ አማካሪ ዕድገት የታሰረው ከጨረታ ጋር ነው። አማካሪ ሲመረጥ የዋና ዋና ባለሙያዎቹ ትምህርትና የሥራ ዘመን ነጥብ ያሰጣል። ጨረታው ለተጠሪ መሐንዲስ 10 ዓመት ልምድ ከጠየቀ የ4 ዓመቱ ልጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ነጥብ አያመጣም። ስለዚህ ድርጅቱ እሱን ለማሳደግ አይቸኩልም። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮንትራቱም አብሮ ያልቃል፤ ሌላ ቦታ እንደገና ከታች መጀመር ይመጣል።

ይህን በቤቴ አይቼዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ በአንድ አማካሪ ድርጅት (ስሙ ይቅር) የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ 6 ዓመት ሠርቷል። ናሙና ያስወስዳል፣ ሙሌት ያስፈትሻል፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፤ የሚፈርመው ግን በሳምንት አንዴ ብቅ የሚል አለቃው ነው። ሲለቅ የተሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ጁኒየር» ይላል። እናታችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለች ስታጽናናው፣ «እማዬ፣ እሱ እኮ የሚታቀፈው ሲያገኝ ነው» አላት።

እርግጥ ዓመት መቁጠር ከንቱ ነው አልልም። ያልበሰለ ሰው ድልድይ ላይ ቢፈርም የሚጎዳው ሕዝብ ነው። ነገር ግን ላብራቶሪ የተማርነውን እናስታውስ። የኮንክሪት ናሙና በ7ኛው ቀን የ28 ቀን ጥንካሬውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይይዛል። 28 ቀን ሞላው ተብሎም ዝም ብሎ አይታለፍም፤ ማሽን ውስጥ ገብቶ ይጨመቃል። ሰው ላይ ስንደርስ ግን ቀኑን ብቻ ቆጥረን መፈተኑን ትተነዋል።

በእኔ አስተያየት ድርጅቶች ለጀማሪ ባለሙያ በየዓመቱ በኃላፊነት የሚይዘው ሥራ ሊሰጡት፣ አለቃው አርሞት አብሮ እንዲፈርም ሊያደርጉ፣ በልምድ ደብዳቤውም ላይ ከዓመቱ ጋር የሠራውን ሊጽፉለት ይገባል። ይህ ብዙ ብር አያስወጣም።

እኛም ብንሆን ለቃለ መጠይቅ ስንቀርብ ደመወዙን ብቻ አንጠይቅ። «ከማን ሥር ነው የምሠራው? በመጀመሪያው ዓመት ምን ላይ ስሜ ይሰፍራል?» እንበል። ወንድሜ ዛሬ ሌላ ድርጅት ነው፤ ሲቀጠር ይህንኑ ጠይቆ ነው የገባው። ማዕረጉ አሁንም «ጁኒየር» ነው። ባለፈው ወር ግን በራሱ ስም የወጣውን የመጀመሪያ ሪፖርት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ።